የባሩ ርዝመትና የሞተሩ ጉልበት

በአማርኛ «ልክ» የሚለው ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል፤ መጠንንም፣ ትክክለኛነትንም። ልብስ ሰፊ ልክ ሲወስድ መጠን ይሰፍራል፤ ሽማግሌ «ልክ ነህ» ሲል ደግሞ ፍርድ ይሰጣል። እንጨት ሰንጣቂና አናጢ ከማንም ይልቅ ቃሉን በሁለቱም ፍቺው ይኖሩበታል፤ በእነርሱ ዘንድ መጠኑ የተዛባ ነገር ትክክል ሊሆን አይችልምና። ይሁን እንጂ ስለ ጣውላው ስፋትና ውፍረት ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ባለሙያ፣ ጣውላውን ስለሚያወጣው መሣሪያ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ባየው ብቻ ይፈርዳል። መጋዝ ሲገዛ ረጅሙን ይመርጣል፤ ረጅም የሆነው ሁሉ ብርቱ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ፍርድ ምን ያህል ሞተር እንዳቃጠለና ምን ያህል ግንድ እንዳበላሸ የሚያውቁት በየገበሬው ማሳ እየዞሩ ጣውላ የሚሰነጥቁ ሰዎች ናቸው።

ከመንግሥት ደን ወደ ገበሬው ማሳ

በኬንያ ተራራ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ግርጌ፣ ከኤምቡ እስከ ሜሩ በተዘረጋው የቡናና የሻይ አገር የሚያልፍ መንገደኛ፣ በየማሳው ድንበር ላይ ተሰልፈው የቆሙ፣ ቅጠላቸው እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ረጃጅም ዛፎችን ያያል። የኢትዮጵያን ቡና አብቃይ አካባቢዎች የሚያውቅ አንባቢ ዛፉን ወዲያው ይለየዋል፤ ግራቪላ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ለሻይና ለቡና ጥላ እንዲሆን ነበር። ዛሬ ግን ከጥላነቱ ባልተናነሰ በጣውላነቱ ይፈለጋል። ገበሬው ቅርንጫፉን ለማገዶ እየመለመለ ግንዱን ለክፉ ቀን ያቆየዋል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ ሕመም ወደ ቤት ሲገባ ወይም ሠርግ ሲደገስ ያን ጊዜ ዛፉ ይሸጣል።

የማሳ ዛፍ ዋጋ ይበልጥ የታወቀው የመንግሥት ደን በሩ በተዘጋ ጊዜ ነው። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 በመንግሥት ደኖች የሚካሄደውን የጣውላ ቆረጣ ለአብዛኞቹ መሰንጠቂያዎች ሲከለክል፣ ነጋዴውም አናጢውም ፊታቸውን ወደ ገበሬው አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሕዝብና በማኅበረሰብ ደኖች ላይ ሌላ እገዳ ተጣለ፤ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ እገዳው መነሣቱን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2023 ነበር። በእነዚህ ዓመታት በድንበርና በጓሮ የተተከለው ዛፍ ለብዙ የእንጨት ሥራ ቤቶች መተማመኛ ሆኖ ቆየ።

የማሳ ዛፍ ግን የራሱ ችግር አለው። አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ነው የሚቆመው፤ ቁልቁለቱ መኪና አያስገባም፤ ቡናው መሐል ግንዲላ ማንከባለል ደግሞ የዓመት ምርት ማጥፋት ነው። ስለዚህ ግንዲላውን ወደ መሰንጠቂያ ከመውሰድ ይልቅ መሰንጠቂያውን ወደ ግንዲላው መውሰድ ይቀላል። ቀድሞ ይህን የሚሠሩት ጉድጓድ ቆፍረው፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው ረጅሙን የእጅ መጋዝ የሚስቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የእነርሱን ቦታ የወረሰው በኬንያውያን አንደበት «ፓወር ሶ» የሚባለው፣ በአማርኛ የሰንሰለት መጋዝ የምንለው ባለ ሞተር መሣሪያ ነው።

የዚህ መሣሪያ ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ሞተሩና ባሩ። ባር ማለት ሰንሰለቱ በዙሪያው የሚሮጥበት ረጅምና ጠፍጣፋ ብረት ነው። የሞተሩ መጠን በሲሲ፣ የባሩ ርዝመት በኢንች ወይም በሳንቲ ሜትር ይለካል። የሰንጣቂው ትርፍና ኪሳራ ያለው በእነዚህ ሁለት ልኮች ስምምነት ላይ ነው።

መቁረጥ ሌላ፣ መሰንጠቅ ሌላ

ዛፍ መጣልና ግንዱን በአግድም መቆራረጥ አንድ ሥራ ነው፤ ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቆ ጣውላ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። በመጀመሪያው መጋዙ ለጥቂት ሴኮንዶች ይጮኽና ያርፋል። በሁለተኛው ግን ባሩ በእንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተጨብጦ፣ ለብዙ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ይሠራል። የመጀመሪያው የፈረስ ሩጫ ከሆነ ሁለተኛው የበሬ እርሻ ነው። በገበያ ላይ አንድ መጋዝ «ይህን ያህል ርዝመት ያለው ባር ይሸከማል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ሩጫው እንጂ እርሻው አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥርሶቹን መቁጠር ይበቃል። በተለመደው ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሰንሰለት ላይ ከአንዱ ቆራጭ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው እንጨት ውስጥ 12 ያህል ጥርሶች በአንድ ጊዜ ይነክሳሉ፤ በ65 ሳንቲ ሜትር 17፣ በ90 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 24 ያህል ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጥርስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለሁሉም የሚከፍለው ግን ያው አንድ ሞተር ነው። ባሩ ሲረዝም የሞተሩ ጉልበት አብሮት አያድግም፤ ለብዙ ጥርሶች ይከፋፈላል እንጂ። ድርሻው ያነሰበት ጥርስ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ይፍቀው ጀመር። ሰጋቱራው ይልማል፤ ሰንሰለቱ ይግላል፤ ሞተሩም ፍጥነቱ ወርዶ እያቃሰተ ይሞቃል።

በሙያው የቆዩ ሰዎች በግምት የሚቀበሉት ልክ እንዲህ ነው። ከ50 እስከ 60 ሲሲ ያለው ሞተር ለመሰንጠቅ ሥራ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ባር ይበቃዋል። 70 ሲሲ ገደማ ያለው እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም እስከ 24 ኢንች ድረስ ለስላሳ እንጨት ይችላል፤ እንጨቱ ጠንካራ ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቆም ይሻለዋል። 90 ሲሲ አካባቢ ያለው እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይዘልቃል። ከዚያ በላይ ለሚሰፋ ግንድ 120 ሲሲ ገደማ ያላቸው ትልልቆቹ ሞተሮች ያስፈልጋሉ። 106 ሲሲ ገደማ የነበረው ስቲል 070 በሐሩር አገሮች ደኖች ለዓሥርተ ዓመታት ስሙ የገነነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ቢሆንም ጉልበቱ በሥራ መሐል አይከዳም ነበር።

በዚህ ስሌት ላይ ሌላም መታሰብ ያለበት አለ። መጋዙ ጣውላውን እኩል ውፍረት አድርጎ እንዲያወጣ የሚታሰርበት የብረት መደገፊያ፣ ባሩን በሁለት ጫፍ ስለሚጨብጠው ከርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ባር በመደገፊያው ውስጥ የሚሰነጥቀው 50 ያህሉን ብቻ ነው። የዘይቱም ነገር አለ። ባሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከሞተሩ በኩል በትንሽ ፓምፕ ይረጫል፤ የትንሽ መጋዝ ፓምፕ ደግሞ የተሠራው ለአጭር ባር ነው። ረጅም ባር ሲገጠምለት ዘይቱ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ያልቃል፤ ጫፉም ጠቁሮ ይበላል።

ደጋና ቆላ

በምሥራቅ አፍሪካና በኢትዮጵያ ደጋዎች ለሚሠራ ሰው ደግሞ አብዛኛው የመጋዝ መመሪያ የማያነሣው ጉዳይ አለ፤ እርሱም አየሩ ነው። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ እንዲህ ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ናይሮቢ 72 ሲሲ ተብሎ የተገዛ መጋዝ እንደ 60 ሲሲ ይሠራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 55 ይወርዳል። በመጋዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር አልተለወጠም፤ በባሩ መጨረሻ ላይ ያለው ጥርስ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

አደጋው በዚህ አያበቃም። በደጋ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛ፣ መካኒኩ የካርቡሬተሩን ብሎን አጥብቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ያ መጋዝ ብሎኑ ሳይስተካከል ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ ሞምባሳ ዳርቻ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን እንደተቀነሰ ነው። የእንዲህ ያለ ሞተር ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም አንሶታል ማለት ነው። እየሞቀና እየደረቀ ይሠራል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

አንድ ግራቪላ ያስከፈለው

በናይሮቢ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አናጢ ነበሩ። ጣውላ የሚገዙት ከኤምቡ ወገን ካሉ ገበሬዎች ነው። የእህታቸው ልጅ ከእርሳቸው ዘንድ ሙያ ሲማር ቆይቶ፣ ዕቁብ ሲደርሰው 55 ሲሲ ያለው ያገለገለ መጋዝ ገዛ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ጣውላውን ከነጋዴ ከመግዛት ራሳቸው ሰንጥቀው ቢያመጡ ትርፉ ከቤት አይወጣም። አንድ ገበሬም ሰባ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን አሮጌ ግራቪላቸውን ሊሸጡለት ተስማሙ። ገሚሱን ገንዘብ በእጅ ተቀበሉ፤ ቀሪውን ጣውላው ሲወጣ ሊቀበሉ ነው። ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ የቆጠሩት ይህንኑ ቀሪ ገንዘብ ነበር።

ወጣቱ የዛፉን ስፋት ለክቶ መጣና ባለ 75 ሳንቲ ሜትር ባር ከነሰንሰለቱና ከነፒኞኑ ገዝቶ ገጠመ።

«ጋሼ፣ ዛፉ ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባሩ ከዛፉ ካልበለጠ በምን ይሰነጠቃል?» አላቸው።

«ዛፉን ለካህ፤ ደግ አደረግህ፤» አሉት አጎቱ። «ሞተሩንስ ማን ለካው?»

ወጣቱ ዝም አለ። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ገበሬውም ቀን ቆርጠዋል። አጎቱም አንዴ ከተናገሩ በኋላ አልደገሙትም።

የመጀመሪያው መስመር ጊዜ ቢፈጅም አለፈ። በሁለተኛው ላይ መጋዙ ሲያቃስት ወጣቱ በክንዱና በጉልበቱ ይገፋው ጀመር፤ ጥርሱ ያልቆረጠውን ክንድ የሚቆርጠው መስሎት። ሦስተኛው መስመር እኩሌታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥኖ ጮኸ፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ አልንቀሳቀስ አለ።

በናይሮቢ ጁዋ ካሊ ከሚባሉት የጎዳና ባለሙያዎች አንዱ ሲሊንደሩን ፈታው። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል፤ ፋሻዎቹም በቦታቸው ተጣብቀዋል። ፉንዲው ብዙ አልተናገረም። አንድ ጣቱን በፒስተኑ ቁስል ላይ፣ ሌላውን በረጅሙ ባር ላይ አድርጎ ወጣቱን አየው። ሒሳቡም ግልጽ ነበር። 55 ሲሲው በዚያ ከፍታ ላይ ወደ 47 ወርዷል፤ እርሱ ደግሞ 17 ጥርሶችን በአንድ ጊዜ እንዲጎትት ተጠይቋል።

የከፋው ግን የሞተሩ ብቻ አልነበረም። ግማሽ የተሰነጠቀ ግንዲላ በፀሐይ ላይ ሲቀር ጫፉ ይተረተራል፤ ተተረተረም። የገበሬው ልጅ ክፍያው ስላልተከፈለለት ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቤት ዋለ። አናጢው ይህን ሲሰሙ ቀሪውን ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተው ሄደው ለገበሬው ሰጡ። «ምዜ፣ ዛፍዎ ጥፋት የለበትም፤» አሏቸው። ለእህታቸው ልጅ ግን ሌላ ባር አልገዙለትም፤ ሞተሩ ተጠግኖ ሲመጣ ባለ 45 ሳንቲ ሜትሩን፣ ቀድሞ የነበረውን ባር እንዲመልስበት አደረጉ።

በአጭር ባር ሰፊ ግንድ

ወጣቱ ያን ጊዜ የተማረው ሰፊ ግንድ የግድ ረጅም ባር እንደማይሻ ነው። ከግንዲላው ላይ ቀጥ ያለ ሳንቃ ተመትቶ፣ መጋዙ ሳንቃውን ተከትሎ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገባል። ከዚያ ግንዲላው ይገለበጥና በሌላው በኩል እንዲሁ ይደረጋል። ሁለቱ መስመሮች መሐል ላይ ሲገናኙ ሰባ ሳንቲ ሜትሩ ግንድ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ግማሾች እንደገና ሲከፈሉ አራት ሩቦች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዱም ጎን ከ35 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ይህ በትንሽ ሞተር ልክ ነው። ጣውላው ይጠባል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከግንዱ እምብርት ወደ ልጡ አቅጣጫ የተሰነጠቀ ጣውላ ሲደርቅ የመጣመም ጠባዩ ያነሰ ነው። አናጢ ደግሞ ከሰፊና ከተጣመመ ጠባብና ቀጥ ያለውን ይወዳል።

ለመሰንጠቂያ ሰንሰለትም የራሱ አሳሳል አለው። ለመቁረጫ የሚሆነው ጥርስ 30 ዲግሪ ያህል ዘምበል ተደርጎ በሞረድ ሲሳል፣ ለመሰንጠቂያ የሚሆነው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ጣውላው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። የደነዘ ሰንሰለት ትልቁን ሞተር ትንሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ሞረድ ማንሣት እንጂ ክንድ ማጠንከር አይበጅም። ከአንድ መስመር በኋላም ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ለጥቂት ጊዜ ዝግ ብሎ እንዲዞር መተው ሙቀቱን ያስወጣለታል።

ሰንሰለቱ ቀጭን ሲሆን ደግሞ ሁለት ጥቅም አለ። ተራው ሰንሰለት በአንድ መስመር 10 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው አራት ማዕዘን እንጨት ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ቢወጣ፣ በእንዲህ ያለ ሰንሰለት 8 ጣውላ ይገኛል። መስመሩ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ ቀጭን የፋብሪካ መጋዝ ግን 10 ይወጣል። ሁለት ጣውላ መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ለትንንሽ ሞተሮች የተሠራው ቀጭን ሰንሰለት ይህን ኪሳራ በመጠኑ ይቀንሳል፤ የሚያነሣው እንጨት ስለሚያንስም ጉልበት ይቆጥባል። ከ120 ሲሲ ሞተር ጋር ግን አይገጥምም፤ ይበጠሳል። ትልቁ ሞተር በአጭር ባር ቢሠራ በራሱ አይጎዳም፤ ቤንዚን ይፈጃል፤ ያለ ባሩ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደቱም የሰውየውን ወገብ ይቆርጣል። ልክ ማጣት በሁለቱም በኩል ያስከፍላል፤ ይሁንና ሞተር የሚገድለው የባሩ መርዘም ነው።

የልኩ ቅደም ተከተል

እንግዲህ ልክ ከየት ይጀምራል? ከዛፉ ነው። ሰንጣቂው በአካባቢው በብዛት የሚያገኘውን ግንድ ስፋት ይለካል፤ በዓመት አንዴ የሚገጥመውን ግዙፍ ዛፍ ግን አይደለም። በዚያ ላይ መደገፊያው የሚወስደውን 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ይህ የባሩ ርዝመት ነው። ከዚያ ለባሩ የሚበቃውን ሞተር ይፈልጋል፤ የሚሠራበት አገር ደጋ ከሆነም ከፍታው የሚወስደውን አስቦ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ኪሱ ለዚያ ሞተር ካልበቃ የሚያሳጥረው ባሩን ነው፤ ግንዱን ለሁለት፣ ለአራት ከፍሎ ይሠራል። ብዙዎች ግን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ያላቸውን ገንዘብ ቆጥረው ትንሹን ሞተር ይገዙና፣ የጎደለውን ጉልበት በብረት ርዝመት ለማሟላት ይሞክራሉ።

ግራቪላው ጣውላ ለመሆን ሃያ ዓመት ያህል ቆሟል። የተከሉት ሰው በእነዚያ ዓመታት መለመሉት፤ ከከብት ጠበቁት፤ ስንት ጊዜ ለመሸጥ አስበው ለሌላ ቀን አቆዩት። ያን ሁሉ ዓመት ወደ ጠረጴዛና ወደ በር የሚለውጠው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ያን ቀን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም መጋዙ ከመነሣቱ በፊት የተወሰደው ልክ ነው። ዛፉን መለካት ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ በእጅ የያዙትን መሣሪያ አቅም ሳያፍሩ ማወቅ ነው።